የክረምት ኦሎምፒክን ከጀሪፍ ሆኖ ለማየት

ዓርብ ጥር 29 ቀን 2018 ዓ.ም. ማታ ሚላኖ ውስጥ በሳን ሲሮ ስታዲየም የክረምት ኦሎምፒክ ይከፈታል። እስከ እሑድ የካቲት 15 ድረስ ሚላኖ፣ ኮርቲና እና ሌሎች የሰሜን ጣሊያን የተራራ ከተሞች 116 የወርቅ ሜዳሊያ ውድድሮችን ያስተናግዳሉ። ይህን መመሪያ የጻፍኩት ካርቱም ውስጥ ጀሪፍ ሰፈር ተቀምጣችሁ ውድድሩን በቴሌቪዥን ለመከታተል ለምታስቡ ወገኖች ነው፤ ሚያዝያ 2015 ጦርነቱ ሲነሳ እዚያው ለቀራችሁም፣ በመተማ ወይም በሌላ በኩል ወጥታችሁ ዘንድሮ ወደ ካርቱም ለተመለሳችሁም።

«በረዶ ከእኛ ጋር ምን አገናኘው?» የሚል ሰው ቡና ላይ አይጠፋም። መልሱ አጭር ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ቱሪን ላይ ሮቤል ተክለማርያም የተባለ የአዲስ አበባ ተወላጅ የኢትዮጵያን ባንዲራ ይዞ ገብቷል። በ15 ኪሎ ሜትር አገር አቋራጭ የበረዶ ሸርተቴ ተወዳድሮ 83ኛ ወጣ። በ2010 ቫንኩቨር ላይም ደገመው። ሁለቱንም ጊዜ የኢትዮጵያ ቡድን ማለት እሱ ብቻ ነበር፤ ከእሱ በፊት በክረምት ኦሎምፒክ የተሰለፈ ኢትዮጵያዊ የለም። ከኤርትራውያን ቤተሰብ ካናዳ የተወለደው ሻነን አበዳ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2018 ፒዮንግቻንግ ላይ፣ በ2022 ደግሞ ቤጂንግ ላይ ለኤርትራ ተወዳድሯል፤ ቤጂንግ ላይ በጃይንት ስላሎም 39ኛ ሆኗል። ስለዚህ የጀሪፍ ሐበሻ፣ ከመረብ ወዲህም ማዶም ያለው፣ በዚህ ውድድር ውስጥ የራሱ ሰው ታሪክ አለው።

የመጀመሪያው ሥራ የመብራት ጉዳይ ነው፤ ይህን ሳታስተካክሉ ስለ ጣቢያ ማሰብ ከንቱ ነው። 32 ኢንች ኤልኢዲ ቴሌቪዥንና አንድ ሪሲቨር አንድ ላይ 70 ዋት አካባቢ ይወስዳሉ። ባለ 12 ቮልት፣ 100 አምፒር አወር የመኪና ዓይነት ባትሪ ካላችሁ ግማሹን ብቻ እየተጠቀማችሁ ከኢንቨርተሩ ብክነት ጋር ወደ 7 ሰዓት ያህል ያቆያችኋል። ከግማሽ በታች እየወረደ የሚሠራ ባትሪ ዕድሜው ቶሎ ያልቃል፤ ለአንድ ውድድር ብላችሁ አታድክሙት። የካቲት ካርቱም ውስጥ ፀሐይ አይጎድልም፤ ፈተናው ግን አቧራ ነው። የሶላሩን ገጽ ጠዋት ሳይሞቅ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት። ደግሞም መልካሙ ነገር አብዛኛው የተራራ ውድድር የሚካሄደው በቀን ስለሆነ ሶላሩ እየሞላ እናንተ እያያችሁ ይሄዳል። የሚላኖው የበረዶ ሜዳ ውድድሮች ግን ብዙዎቹ ማታ ናቸው፤ ባትሪውን ለእነሱ ቆጥቡ።

ቀጥሎ ዲሹ ነው። አብዛኛው የሐበሻ ቤት ዲሹን የሚያዞረው ወደ ኢትዮሳት ነው፤ ይህ ሳተላይት 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ስለሚገኝ ከካርቱም ሲታይ ደቡብ ምሥራቅ ይሆናል። የዐረብ ጣቢያዎች የሚወርዱበት ናይልሳት ደግሞ 7 ዲግሪ ምዕራብ አካባቢ ስለሆነ ዲሹ ወደ ምዕራብ፣ ትንሽ ወደ ደቡብ ጋደል ብሎ መዞር አለበት። በአንድ ዲሽ ላይ ሁለት ኤልኤንቢ አስሬ ሁለቱንም እይዛለሁ የሚል ባለሙያ ቢመጣ አትመኑት፤ ርቀቱ አይፈቅድም። ሁለት ዲሽ ትከሉና በስዊች ከአንድ ሪሲቨር ጋር አገናኙ፤ እንዲህ ከሆነ ለውድድሩ ብላችሁ የአገር ቤቱን ዜናና የእሑዱን ቅዳሴ አታጡም።

እ.ኤ.አ. ከ2018 እስከ 2024 በነበሩት ኦሎምፒኮች የመካከለኛው ምሥራቅና የሰሜን አፍሪካ የማሳያ መብት የቢኢን ስፖርት ነበር። ለዘንድሮው ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ሁለት ነገር አረጋግጡ። የጣቢያው የራሱ ማስታወቂያ የክረምት ኦሎምፒኩን በስም መጥቀሱን እዩ፤ «ሁሉም ስፖርት አለው» የሚለውን የሻጭ ቃል ብቻ አትያዙ። ከዚያ የደንበኝነት ካርዱ የሚሠራው በየትኛው ሳተላይት ላይ እንደሆነና የተገዛው ጥቅል የኦሎምፒኩን ቻናሎች ይጨምር እንደሆነ ጠይቁ። ለአንድ ቤት ከከበደ ሦስት አራት ቤተሰብ ተዋጥቶ አንድ ግቢ ውስጥ ማየት ይሻላል። ይህ ስፖርት ብቻውን ለሚያይ ሰው ይደክማል፤ ከሰው ጋር ግን ክርክሩ ራሱ ያስተምራል።

ካርድ መግዛት ለማትችሉ፣ ቀኑን ሙሉ ሻይ ስትሸጡ ለምትውሉ እኅቶችም፣ ሌላ መንገድ አለ። ዓለም አቀፉ የኦሎምፒክ ኮሚቴ በራሱ ድረ ገጽና በዩቲዩብ ቻናሉ የየውድድሩን ዋና ዋና ክፍል አሳጥሮ ያወጣል፤ ከአምስት ደቂቃ የማይበልጠው ብዙ ነው። አንዳንዱ እንደ አገሩ ሊዘጋ ይችላል፤ የማይከፈተውን ትታችሁ ሌላውን ሞክሩ። የምስሉን ጥራት 480 ላይ ካደረጋችሁት አንድ ሰዓት ሙሉ ብታዩ እንኳ ከግማሽ ጊጋ ብዙም አያልፍም። 1080 ላይ ከተዋችሁት ግን ከሁለት ጊጋ በላይ ይበላል፤ ለስልክ ስክሪን ደግሞ ልዩነቱ እምብዛም አይታይም።

ሰዓቱን በትክክል ያልያዘ ሰው ብዙ ውድድር ያመልጠዋል። ጣሊያን በዚህ ወቅት ከካርቱም አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ነው፤ ካርቱም ደግሞ እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2017 ጀምሮ ከአዲስ አበባ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ነው። በእኛ አቆጣጠር ለሚያስብ ሰው ቀላሉ ዘዴ ይህ ነው፦ ፕሮግራሙ ላይ ከተጻፈው የጣሊያን ሰዓት ላይ 5 ቀንሱ። 11:00 ከተባለ ጀሪፍ ላይ ቀን 6 ሰዓት ነው። የመክፈቻው ሥነ ሥርዓት 20:00 ላይ ነው፤ 5 ሲቀነስ 15፣ ከ12 በላይ ስለሆነ 12ቱን ደግሞ አንሱ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ይሆናል። አዲስ አበባ ካለ ወንድማችሁ ጋር በስልክ እያወራችሁ የምታዩ ከሆነ እሱ 4 ሰዓት ይላችኋል፤ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። በስልክ የምታወርዱት ፕሮግራም ብዙ ጊዜ ሰዓቱን ወደ አካባቢያችሁ ራሱ ይቀይረዋል፤ ያንን ካያችሁ በላዩ ላይ ሌላ ሂሳብ አትሥሩ፣ 6 ቀንሳችሁ ወደ ሐበሻ ሰዓት መልሱት ብቻ። ከሱዳናዊ ጎረቤት ጋር ስትቀጣጠሩ ደግሞ በማን ሰዓት እንደሆነ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። ከ116 ውድድር ውስጥ ከየት ይጀመራል? ብዙ ሰው ከመክፈቻው ወይም ከበረዶ ላይ ዳንሱ ይጀምርና በሦስተኛው ቀን ይሰለቻል። የእኔ ምክር ከአገር አቋራጭ ሸርተቴው ጀምሩ ነው። ምክንያቱም እንዴት እንደሚታይ ታውቁታላችሁ። ኃይሌ ሲድኒ ላይ ፖል ቴርጋትን በ9 መቶኛ ሴኮንድ ሲቀድም ትንፋሹን ይዞ ያየ ሰው፣ ቀነኒሳ የመጨረሻውን ዙር ሲያፈተልክ ከወንበሩ የተነሳ ሰው፣ ይህን ስፖርት ለማየት የሚያስፈልገው ዓይን አለው። ጉልበት ማጠራቀም፣ ዳገት ላይ ተጋጣሚን መፈተን፣ ከመሪው ጀርባ ነፋስ መከለል፣ መጨረሻ ላይ መፈተለክ፤ ሁሉም እዚያ አለ።

ውድድሩ የሚካሄደው ቫል ዲ ፊዬሜ በሚባለው ሸለቆ፣ ቴዜሮ ላይ ነው። ሲጀመር መጀመሪያ አነሳሱን እዩ። ሁሉም አብረው ከተነሱ መጀመሪያ መስመሩን ያለፈ አሸነፈ፤ ቀላል ነው። የ10 ኪሎ ሜትሩ ውድድር ግን እንዲህ አይደለም። የሴቶቹ ሐሙስ የካቲት 5፣ የወንዶቹ ዓርብ የካቲት 6 ነው፤ ተወዳዳሪዎቹ አንድ በአንድ፣ በ30 ሴኮንድ ልዩነት ይለቀቃሉ። ፊት ለፊት የሚታየው ሰው መሪ ላይሆን ይችላል። እዚህ ላይ ዓይናችሁን ከሰውየው አንሱና ስክሪኑ ጥግ ላይ ወዳለው ቁጥር አድርጉ። አረንጓዴ ከሆነ እዚያ ቦታ ላይ ከደረሱት ሁሉ እየቀደመ ነው፤ ቀይ ከሆነ ወደ ኋላ ቀርቷል። ጊዜ በሚለካበት በየኬላው ቁጥሩ እንዴት እንደሚለወጥ ተከተሉ፦ መጀመሪያ አረንጓዴ፣ ከዳገቱ በኋላ ቀይ ከሆነ ሰውየው አቅሙን ቀድሞ ጨርሷል። ይህን አንዴ የለመደ ሰው የቁልቁለት ሸርተቴውንም፣ በበረዶ ቦይ የሚወረድባቸውን ሉጁንና ቦብስሌዱንም ማንበብ ይችላል፤ የቀለሙ ሕግ አንድ ነውና። ኮሜንታተሩ በዐረብኛ ቢፈጥንባችሁም ቀለሙ ይነግራችኋል።

ቀጥሎ የእግሩን አካሄድ እዩ። በክላሲክ ውድድር ሁለቱ ሸርተቴዎች በተቆፈረ መስመር ውስጥ ትይዩ ይሄዳሉ፤ በነጻው አካሄድ ግን እግር ወደ ጎን እየተገፋ ይከፈታል፣ ፍጥነቱም ይበልጣል። በክላሲክ ሸርተቴው ሥር የሚቀባው ሰም የውድድሩን ግማሽ ይወስናል፤ ዳገት ላይ እንዲይዝ፣ ቁልቁለት ላይ እንዲለቅ ያስፈልጋል፣ በረዶው በፀሐይ ሲለወጥ ደግሞ የጠዋቱ ቅባት ቀትር ላይ አይሠራም። አንድ ጠንካራ ሯጭ ዳገት ላይ ወደ ኋላ ሲንሸራተት ካያችሁ ጉልበቱ አላለቀም፤ ቅባቱ ነው የከዳው። እንዲህ ሆኖ አራት ዓመት የተለፋበት ሲበላሽ ማየት ያሳዝነኛል፤ ቅባት የሚቀቡት ባለሙያዎች ስም ደግሞ በስክሪን ላይ አይወጣም።

አንድ ስም ያዙ፦ ዮሃንስ ክሌቦ። ኖርዌያዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 በትሮንድሃይም የዓለም ሻምፒዮና ከተካሄዱት ስድስት የወንዶች ውድድሮች ስድስቱንም አሸንፏል። ዳገት ላይ ሌላው ሲንፏቀቅ እሱ በሸርተቴው ላይ እንደ ሯጭ ይሮጣል፤ ጥቃቱ የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ከመጨረሻው ዳገት ሥር ነው። ያንን ቦታ በመጀመሪያው ዙር ለይታችሁ ያዙ፣ በመጨረሻው ዙር እዚያ ሲደርሱ ማንም አያናግራችሁ።

አሸናፊው ሲገባም ቴሌቪዥኑን አታጥፉ። እ.ኤ.አ. በ1998 ናጋኖ ላይ ኬንያዊው ፊሊፕ ቦይት፣ የ800 ሜትር ሯጭ የነበረና በረዶን ያወቀው ካደገ በኋላ የሆነ ሰው፣ በ10 ኪሎ ሜትር ከጨረሱት ሁሉ መጨረሻ፣ 92ኛ ሆኖ ገባ። ወርቁን ያሸነፈው ኖርዌያዊው ብዮርን ዴሊ የሜዳሊያውን ሥነ ሥርዓት አስቆይቶ መስመሩ ላይ ጠብቆት አቀፈው። ቦይት በኋላ ልጁን በዴሊ ስም ሰየመው። ሮቤልም የሮጠው በዚያው ዓይነት ውድድር ነበር። ካሜራው ወደ ኋላ ያሉትን የሚያሳየው ለጥቂት ሴኮንድ ነው፤ ከትንሽ አገር የመጣ፣ ለአሠልጣኝ ከፍሎ፣ ሸርተቴ ለምኖ የደረሰ ሰው በዚያች ሴኮንድ ውስጥ ያልፋል። የገቡትን ስም ዝርዝር እስከ ታች ድረስ እዩት፤ የአፍሪካ አገሮችን ምልክት የምታገኙት እዚያ ነው።

አገር አቋራጩን ከለመዳችሁ ባያትሎን ቀላል ይሆንላችኋል፣ እንዲያውም ጀሪፍ ላይ ብዙ ደጋፊ ያገኛል ብዬ የምጠብቀው እሱን ነው። ሸርተቴና ጠመንጃ አንድ ላይ ናቸው። ተወዳዳሪው ልቡ እየደለቀ መጥቶ በ50 ሜትር ርቀት አምስት ዒላማ ይመታል። ተኝቶ ሲተኩስ የዒላማው ስፋት 45 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ቆሞ ሲተኩስ 115። በአብዛኛው ውድድር ለሳተው እያንዳንዱ ጥይት 150 ሜትር የቅጣት ዙር ይሄዳል፤ ኢንዲቪዱዋል በሚባለው ውድድር ግን አንድ ደቂቃ ይጨመርበታል። ማየት ያለባችሁ ከመተኮሱ በፊት ያለውን አፍታ ነው፦ ትንፋሹን ሰብስቦ የተኮሰና ሳይሰበስብ የቸኮለ ወዲያው ይለያሉ። የመጨረሻው ቁም ተኩስ ላይ መሪው ሁለት ስቶ አራተኛ የነበረው ቀድሞ ሲወጣ ታያላችሁ።

የቁልቁለት ሸርተቴው ደግሞ የወንዶቹ ቦርሚዮ ላይ ቅዳሜ ጥር 30፣ የሴቶቹ ኮርቲና ላይ እሑድ የካቲት 1 ነው። በሰዓት ከ120 ኪሎ ሜትር በላይ የሚወርዱበት ስለሆነ መውደቅ አለ፤ ሕፃናት ካሉ አጠገባቸው ሁኑ። በምልክት ዘንጎች መሐል እየተጠማዘዙ በሚወረድባቸው በስላሎምና በጃይንት ስላሎም ሁለት ዙር አለ፣ በሁለተኛው ዙር ከመጀመሪያዎቹ 30 ውስጥ 30ኛው ቀድሞ ይወርዳል፣ መሪው ከ30ዎቹ መጨረሻ፤ ጊዜ ካጠራችሁ በሁለተኛው ዙር መሪው እስኪወርድ ያለውን የመጨረሻ 15 ደቂቃ ብቻ እዩ። ፊገር ስኬቲንግ ከልጆች ጋር ይታያል፣ አሜሪካዊው ኢሊያ ማሊኒን በአየር ላይ አራት ተኩል ጊዜ የሚዞረውን ዝላይ በውድድር ላይ የሠራ የመጀመሪያው ሰው ነው። በበረዶ ሆኪ የሰሜን አሜሪካው ሊግ ተጫዋቾች እ.ኤ.አ. ከ2014 በኋላ ዘንድሮ ይመለሳሉ፤ ነገር ግን እንደ ኳስ የምትመታው ጠፍጣፋ ዲስክ ትንሽና ፈጣን ስለሆነች በትንሽ ቴሌቪዥን ላይ ትጠፋለች። ከርሊንግን አትናቁት። 20 ኪሎ የሚጠጋ ድንጋይ በበረዶ ላይ አንሸራትቶ ክቡ መሐል ማሳረፍ ነው፤ መጥረጊያ ይዘው የሚሮጡት በረዶውን እየፈተጉ ድንጋዩ ርቆ፣ ቀጥ ብሎ እንዲሄድ ነው። ቀስ ያለ ነው፣ ቡና እየተፈላ ይታያል።

ዘንድሮ አንድ ነገር ልዩ ሆኗል፤ ሁለቱም ጾሞች የሚገቡት በውድድሩ መሐል ነው። ዐቢይ ጾም ሰኞ የካቲት 9 ይገባል፣ ረመዳን ደግሞ እንደ ጨረቃዋ አወጣጥ የካቲት 11 ወይም 12። ስለዚህ ሰው ሰብስባችሁ ለማየት የምታስቡትን እሑድ የካቲት 8 ላይ አድርጉት፦ ቅበላ ነው፣ የወንዶቹ 4 በ7.5 ኪሎ ሜትር የቅብብል ውድድርም በዚያው ቀን ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት በክላሲክ፣ የኋለኞቹ ሁለት በነጻ አካሄድ ይሄዳሉ፤ አራት ሰው ለአንድ አገር ሲለፋ ማየት ለአዲስ ተመልካች ከሁሉ ይቀላል። ረመዳን ከገባ በኋላ ቀን ቀን ምግብ ቤቶችና ሻይ ቤቶች ስለሚዘጉ ውጭ ለማየት የያዛችሁትን ሐሳብ ተዉት፤ ቤት እዩ። ግቢያችሁ ከጎረቤት ጋር ግድግዳ የሚጋራ ከሆነ የቀኑን ቡና መቁላት ወደ ማታ አሳልፉት፣ የቴሌቪዥኑንም ድምፅ ዝቅ አድርጉ። ለኢፍጣር ሲጠሯችሁ ደግሞ ሂዱ፤ የማታው የሚላኖ ውድድር ከዚያ በኋላም አለ፣ ሱዳናዊውም ጎረቤት ይህን ስፖርት እንደ እናንተ አዲስ ሆኖ ነው የሚያየው፣ የቀለሙን ሕግ አሳዩት።

የመጨረሻዎቹን ሁለት ቀኖች ለ50 ኪሎ ሜትሩ አውሉ። የወንዶቹ ቅዳሜ የካቲት 14፣ የሴቶቹ እሑድ የካቲት 15 ነው። ሴቶች በኦሎምፒክ 50 ኪሎ ሜትር ሲወዳደሩ ይህ የመጀመሪያው ነው፤ ቤጂንግ ላይ ረጅሙ ርቀታቸው 30 ነበር። ሁሉም አብረው ስለሚነሱ መሪው በዓይን ይታያል፣ አካሄዱ ክላሲክ ስለሆነ ግን ቅባቱን አትርሱ። ከሁለት ሰዓት በላይ የሚቆይ ስለሆነ ሁሉንም ማየት የማይችል ሰው የመጀመሪያውን 10 እና የመጨረሻውን 15 ኪሎ ሜትር ይይ፤ መሐሉ ላይ ቡድኑ እየሳሳ መሄዱን ብቻ አልፎ አልፎ መመልከት ይበቃል። እሑድ ከቅዳሴ ስትመለሱ ውድድሩ ተጀምሮ ሊሆን ይችላል፣ መጨረሻውን ግን አትዘግዩበት። የዚህ ውድድር ሜዳሊያ እንደ ልማዱ የሚሰጠው ማታ በመዝጊያው ሥነ ሥርዓት ላይ ነው፤ ዘንድሮ መዝጊያው ቬሮና ውስጥ በጥንቱ የሮማውያን አሬና ነው። ስለዚህ ውድድሩ እንዳለቀ ቴሌቪዥኑን አጥፉና ባትሪውን ለማታ አቆዩት።